ሳሙና ካለ ይከፍላሉ

በየሙያው አንድ ሰው አለ። ምንጩ የት እንዳለ ያውቃል፣ ለመንደሩ ሁሉ ይጠቁማል፣ ራሱ ግን ከንፈሩ እንደደረቀ ይኖራል። ደላላ እንዳንለው ኮሚሽን አይቀበልም። አለቃ እንዳንለው የሚያዘው ሰው የለውም። ዘመድ እንዳንለው ደግሞ፣ ዘመድ እንዲህ ተጨንቆልን አያውቅም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሥራ ፈታችሁ ስትንከራተቱ መንገድ ላይ አስቁሟችሁ «እዚያ ቤት ሰው ይፈልጋሉ፣ ቶሎ ሂድ» ያላችሁ ሰው እሱ ነው። እሱ ራሱ የት እንደሚሠራ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ማንም አይጠይቀውም።

ለእኛ ለጸሐፊዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ጥሪ ናቸው። እኛ ስል ቋሚ ደመወዝ የሌለንን ማለቴ ነው፤ ለየመጽሔቱ ሐሳብ ልከን፣ «እሺ» ወይም «እምቢ» እስክንባል ጣሪያ ላይ አፍጥጠን የምንውለውን። የጋሽ ጥሪ ስም ሌላ ነው። ነገር ግን አንድ መጽሔት «ጽሑፍ እንቀበላለን» ብሎ ጥሪ ካወጣ፣ አዘጋጁ ከወንበሩ ሳይነሣ እሳቸው ሰምተውታል። ስለዚህ ስሙ ተለጠፈባቸው፤ ዛሬ ታላቅ እህታቸው እንኳ በሌላ አይጠሯቸውም።

ቢሯቸው የእህታቸው ልብስ ስፌት ቤት ነው። በመስታወቱና በመለኪያው መጋረጃ መካከል፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ክዳኑ በክር የታሰረ ላፕቶፕ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ካውያው ሲመጣ ይነሣሉ፣ ካውያው ሲሄድ ይቀመጣሉ። የሚኖሩትም ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ከዚያች ጠረጴዛ ጫፍ ተነሥተው የስንቱን ጸሐፊ እንጀራ እንዳገናኙ ቢጻፍ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ግን መጀመሪያ አሳታሚው ይከፍል እንደሆነ ይጠይቁ ነበር።

ምክንያቱም ጥያቄያቸው አንድ ናት። «ይከፍላሉ ወይ?» እናንተ ስለ ሥነ ጽሑፍ ዕጣ ፈንታ ስታወሩ፣ ስለ ብዕር ክብር ስትቃትቱ፣ ጋሽ ጥሪ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በትሕትና ያዳምጡና «ይከፍላሉ ወይ?» ይላሉ። አንድ አዘጋጅ «ክፍያ የለንም፣ ግን ስም ታተርፊያለሽ» እንዳለኝ ስነግራቸው ብዙ አልተቆጡም። ስሙን ይዤ ዳቦ ቤት እንድሄድና ስንት ዳቦ እንደሚሰጠኝ እንድነግራቸው ብቻ ለመኑኝ።

ዕድል ሲያገኙ ሰዓትና ቦታ አይመርጡም። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድሜ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ሳለ ደወሉልኝ። ሐኪሙ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። ምን እየተሰማኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አፌ ስላልታዘዘልኝ አጉረመረምኩ። «በጣም ጥሩ! እሱኑ ጻፊው። የጤና መጽሔት አለ፣ ይከፍላሉ» ብለው ዘጉ። ጻፍኩት፣ ከፈሉኝ፣ በዚያው ገንዘብ ሁለተኛውን ጥርሴን አስነቀልኩ።

ጡረተኛውን የሒሳብ መምህር ደግሞ ተመልከቱ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ግጥም የጻፈ፣ ግጥሙንም ማንም ያልጠየቀው ጓደኛችን ነው። ጋሽ ጥሪ ለዶሮ አርቢዎች መጽሔት እንዲጽፍ ላኩት። መምህሩ ተቀይሞ ሰላምታ እንኳ ነፍጓቸው ከረመ። ከዚያ ቸገረውና ስለ አንዲት እንቁላል መጣል ስለተወች ዶሮ ጻፈ። ዛሬ ዶሮ አርቢዎች መንገድ ላይ ያስቆሙታል፣ አንዳንዶቹም እያነበቡ እንዳለቀሱ ይነግሩታል። ስለ ግጥሙ ያለቀሰ ሰው የለም፤ ከእኛ ከአድማጮቹ በስተቀር።

አሁን ወደ ታላቁ የጋሽ ጥሪ ሕግ ልምጣ። ክቡርነታቸው አንድ መጽሔት ይክፈል አይክፈል የሚያረጋግጡት አዘጋጁን ጠይቀው አይደለም፣ ውሉን አንብበውም አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ይሄዱና እጃቸውን ለመታጠብ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ። መታጠቢያው ላይ ሳሙና ካለ ይከፍላሉ። ከሌለ አይከፍሉም። «አዘጋጅ ይዋሻል፣ ሒሳብ ክፍል ይሸሻል፣ ሳሙና ግን አይዋሽም» ይላሉ። ገንዘብ ያጠረው ቤት መጀመሪያ የሚያቋርጠው ሳሙናውን፣ ቀጥሎ ጸሐፊውን ነው።

አንድ ጊዜ አብረን ሄድን። ወለሉ እብነ በረድ፣ ፊት የሚያሳይ፤ እንግዳ ተቀባይዋ ከመጽሔቱ ሽፋን ላይ ተነሥታ የመጣች የምትመስል ቤት ነበር። ጋሽ ጥሪ ገብተው እጃቸውን እያራገፉ ወጡና «እንሂድ ልጄ፣ ደረቅ ነው» አሉኝ። በእንዲህ ያለ እብነ በረድ ላይ ቆሞ ስለ ሳሙና የሚያወራ ሰው አሳፈረኝ። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ተስማማሁ። ክፍያዬ በመጨረሻ በመኪና ተጭኖ መጣ፦ ጽሑፌ የወጣበት መጽሔት፣ በገመድ የታሰረ እስር በእስር። ብዙም ሳይቆይ እብነ በረዱ ለስፖርት ቤት ተከራየ። ጋሽ ጥሪ «አላልኩሽም?» አላሉኝም። መጽሔቶቹን እህታቸው የልብስ ንድፍ ያወጡባቸው እንደሆነ ብቻ ጠይቀው ወሰዷቸው።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰው ራሳቸው ግን አይጽፉም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሳቸው ነው። ደግሞ ስለማይችሉ እንዳይመስላችሁ፣ ተረክ ሲይዙ የጋን ውስጥ መብራት ናቸው። እዚያች ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲለካ የሚናገረውን ሁሉ ሰምተዋል። ሰው ሜትር ወገቡ ላይ ሲያርፍ ለሚስቱ ያልተናገረውን ይናገራል ይላሉ። አንድ ወፍራም ደንበኛ ነበራቸው። እህታቸው ሊለኩት ሲሉ «አይ፣ በዚህ ልክ አይደለም። በሚመጣው ወር በምሆነው ልክ ይስፉልኝ» አላቸው። እትዬም ሜትሩን ከሰውየው ሆድ አንሥተው፣ አየር ላይ አጥብበው ለኩ። ሱሪው ተሰፋ። እስከ ዛሬ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። ሰውየው በየጊዜው ብቅ ይልና ሱሪውን ዳሰስ አድርጎ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ ይሄዳል።

እየሳቅሁ፣ ይህን ካልጻፉት ኃጢአት ነው አልኳቸው። ጋሽ ጥሪ ትንሽ አሰቡና አንድ የሳቅ መጽሔት እንዳለ፣ እንደሚከፍሉም፣ ሐሳቡን እኔ እንድወስደው ነገሩኝ። አልወስድም አልኩ። በማግስቱ ለመምህሩ ሰጡት። መምህሩም ደግነቱ ከዶሮ ውጪ አልጽፍም ብሎ መለሰላቸው።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ሆኖ ይቀጥል ነበር፣ የእትዬ ዓይን ባይደክም። አንድ ቀን ቀሚሴን ላሳጥር ሄጄ ሳለ እትዬ ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ይወስዱታል፣ ያልፈዋል፤ ይወስዱታል፣ ያልፈዋል። ጋሽ ጥሪ ለአንዲት ጀማሪ ጸሐፊ የመጽሔት አድራሻ ሊሰጡ ወጥተው ነበር። እትዬ መርፌውን አስቀምጠው ሐኪሙ ስፌት እንዲተዉ እንደነገራቸው አጫወቱኝ። ስፌቱ ከቀረ ሱቁ ይለቀቃል፣ ሱቁ ከተለቀቀ ከጀርባ ያለችው ክፍልም አብራ ትሄዳለች። «ለእኔስ ልጄ ቤት አላጣም። እሱን የት አደርገዋለሁ? ለሰው ሁሉ በር ያስከፍታል፣ የራሱን አንድ ቀን እንኳ አንኳኩቶ አያውቅም» አሉኝ።

ከዚያ እኛ የጋሽ ጥሪ ተረጂዎች ዶልተን ዕድል ልንፈልግላቸው ወጣን። ሥራው እሳቸው ሲሠሩት ነው ቀላል የሚመስለው። መምህሩ አንድ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሳሙና ሲያገኝ ከደስታው ብዛት ለማስረጃ ብሎ በኪሱ ይዞት ወጣ። ጥበቃው በር ላይ ያዘው። ያ ቤት በዚሁ ተዘጋብን፤ ሳሙናቸውም ከዚያ ወዲህ በገመድ ታስሯል ይባላል።

እኔ ግን ቀናኝ። ለልብስ ሰፊዎችና ለጨርቅ ነጋዴዎች የሚታተም፣ እኔም ሰምቼው የማላውቀው መጽሔት ቤት ገብቼ እጄን ልታጠብ ብል፣ አንድ ሳሙና በሥራ ላይ፣ አንድ ደግሞ ገና ከነወረቀቱ በተጠንቀቅ ቆሟል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዋና አዘጋጇ ቁጥብ ሴት ናት፤ የሱሪውን ታሪክ ስነግራት ግን መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። «ታዲያ ለምን ራሳቸው አይልኩም?» አለች። እሳቸውን የሚያንቀሳቅሳቸው ጥሪ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋትና፣ ጥሪውን አብረን ጻፍነው። ዕድሜውን በልብስ ስፌት ቤት ያሳለፈ፣ ሲሰፋ ያየ እንጂ ያልሰፋ፣ አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ደንበኛ ሲለካ የሚናገረውን የሚያስታውስ ጸሐፊ ይፈለጋል። ከዚህ በኋላ የቀረን ፎቶአቸውን መለጠፍ ብቻ ነበር።

ጥሪውን የጸሐፊዎቹ ግሩፕ ላይ ለቀቅነው። ሻዬ ሳይበርድ ጋሽ ጥሪ ለሚያውቁት ሁሉ አዳረሱት። ከሥሩም «ይህ ለማን እንደሚሆን አስቡ፤ ይከፍሉ እንደሆነ አጣራለሁ» ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ድንቅ ዕድል መጥቷል። ልብስ ሰፊ ዘመድ ያለው ሰው ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥሽ። ቶሎ ንገሪው፣ እንዳያልፈው።»

ስልኩን ዘግቼ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ጋሽ ጥሪ ካውያው መጥቶ ስለነበር ቆመዋል። ጥሪው ለእሳቸው እንደወጣ፣ እኔ እንዳስወጣሁት፣ አዘጋጇም እየጠበቀቻቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ይከፍላሉ ወይ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

«ሁለት ሳሙና አለ። አንዱ ገና አልተፈታም።»

 ከዚያ የተሰቀለውን ሱሪ እያዩ፣ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ልከው እንደነበረ፣ የመጣላቸውም መልስ አንድ መስመር እንደሆነ ነገሩኝ። እኛ እምቢ በተባልን ቁጥር የሚያጽናኑን ቃል አላቸው፤ ያንኑ መለስኩላቸው። «ጋሼ፣ እምቢ ያሉት ጽሑፉን ነው፣ እርስዎን አይደለም።»

«እሱ ለሌላ ሰው ነው የሚሠራው» አሉኝ።

እትዬ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ መርፌና ክር ዘረጉላቸው። «ጥሪ፣ እስቲ አስገባልኝ» አሉ። ጋሽ ጥሪ ተቀብለው በአንድ ጊዜ አስገቡ። «አየህ» አሉ እትዬ፣ «የኔ ዓይን ከዚህ በላይ አይወስደንም። አሁን ያንተ ተራ ነው፣ ወንድሜ።»

ጋሽ ጥሪ ላፕቶፑን ክዳኑን ከያዘው ክር ፈቱ። ጽፈው ሲጨርሱ እኔ እንድልክላቸው ለመኑኝ። እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ቆምኩ፤ በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸው ላኩት። መልሱ እስኪመጣ የስንቱን ጭንቀት ያረጋጉት ሰው አንዱን ሸሚዝ ደግመው ደጋግመው ሲተኩሱ ሰነበቱ። የሸሚዙ ባለቤት ሊወስደው ሲመጣ እንኳ ትንሽ እንዲታገሣቸው ለመኑት። ከዚያ አዘጋጇ «እሺ፣ በየወሩ ይቀጥሉ» ብላ መለሰች። ክፍያው ኪራዩን እየደገፈ ሱቁ ዛሬም አለ፤ እትዬ ይቆጣጠራሉ፣ አንዲት ወጣት ትሰፋለች፣ ከጀርባ ያለችው ክፍልም አልተለቀቀችም።

የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣ ቀን መጽሔቱን ሱቁ ውስጥ ተሰብስበን አነበብነው። ባለ ሱሪው ሰውዬ ራሱ መጥቶ ሰማና «ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ የጎረቤቴ ታሪክ ነው» አለ። ሳቃችንን ይዘን እስከ መጨረሻው አንቀጽ ደረስን። እዚያ ላይ ቆምን። ስለ ሱሪው ከተተረከው ቀጥሎ፣ የመጽሔቱ አድራሻ ሙሉ በሙሉ ተጽፏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አዳዲስ ጸሐፊዎችን ይቀበላሉ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ይከፍላሉ።»

አዘጋጇ ደወለችልኝ። የጽሑፍ መዓት እንደወረደባት፣ ከዶሮ አርቢዎች ሳይቀር እንደሚላክላት ነገረችኝ። ለምን አንቀጹን እንዳልቆረጠችው ብጠይቃት፣ ስትስቅ ማተሚያ ቤት ገባ አለችኝ። ጋሽ ጥሪን ግን ተቆጣኋቸው። ስንት ዓመት ቆይተው ያገኙትን አንድ ቦታ እንዲህ ለሰው ሁሉ ይበትናሉ?

«ታዲያ የገባሁበትን በር ዘግቼ ልቀመጥ?» አሉኝ፤ እውነትም ጥያቄው አልገባቸውም።

እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል። ደግሞም ይወደዳል፤ እኔ እወዳቸዋለሁ። ይህን ጽሑፍም የላክሁት ለዚያው መጽሔት ነው። በእሳቸው ደግነት ወረፋው በር ድረስ ስለወጣ፣ መች እንደሚደርሰኝ አላውቅም። ከመላኬ በፊት ግን ጎራ ብዬ እጄን ታጠብኩ። ሳሙናው አሁንም አለ።