ጉማሬ መንገድ ዘግቶብኝ ነው

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይላሉ፤ እኔ ግን ማደርም አላስፈለገኝ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ በገዛ ጀልባዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነው ያየሁት። ሰፈሬ ውስጥ አንጁሎ የነገረህን ግማሹን ጣለው፣ የቀረውን ደግሞ አጣራው ይባላል። ይህችን ግን ምንም ሳትጥሉ ስሙኝ። ውሸት ልጨምርባት ብል እንኳ ቦታ አልተረፈባትም።

በሕልሜ ጀልባዋ ያው የእኔዋ ነበረች፣ ጎኗ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር። ተሳፋሪዎቹ ግን አሥራ አንድ ጉማሬዎች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት ተሰጥቷቸው፣ አልገባ ቢላቸው እንደ ሻሽ አናታቸው ላይ አስረውታል። አሁን ሰጠምን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጀልባዋ ከውኃው አንድ ክንድ ከፍ ብላለች። በዚያ አገር ክብደት የሚጫነው ወደ ላይ ኖሯል። አንዲት ሚጢጢ ወፍ መጥታ ጫፏ ላይ ባረፈች ጊዜ ግን ጀልባዋ ልትሰጥም ምንም አልቀራት፤ ጉማሬዎቹ ተንጫጭተው፣ በስንት ልመና ወፏን አስወረዷት።

ጡት ያልጣለ የጉማሬ ግልገል የወደቡ ኃላፊ ሆኖ የመሄጃ ወረቀታችንን ፈረመ። ግልገል እንዴት ሹም ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። እዚህ አገር ሥራ የልጆች ነው፣ ትምህርት የሽማግሌዎች፣ የጫንካቸውም የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፣ ደሴቱ ላይ የዱር ሰው ሊጎበኙ ነው የሚሄዱት አለኝና ጡጦውን አንስቶ ወደ ስብሰባ ገባ።

ከፊት የተቀመጠችው መምህርታቸው ነበረች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀይ እስክሪብቶ ከትንሿ ጆሮዋ ኋላ ሰክታለች። ሳያት፣ ቁርጥ ቲቸር ጥሩአየርን።

ቲቸር ጥሩአየርን ካላወቃችሁ ሕልሜም አይገባችሁም፤ ስለዚህ ጀልባዋን እዚህ ላይ ትንሽ ላቁማት። ሰባተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት አያቴን አራት ጊዜ ቀብሬያለሁ፣ ቤታችን ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አባቴን ነፋስ ወስዶት ነበር። ባረፈድኩ ቁጥር አንዱን ስነግራቸው፣ ቲቸር እግዜር ያጽናህ ብለው ያስቀምጡኛል። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት የምር ጉማሬ አጋጠመኝ። ከቤታችን ወደ ትምህርት ቤት በምትወስደው ቀጭን መንገድ መሃል፣ ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ መንገዷን ከዳር እስከ ዳር ሞልቷት ቆሟል። ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ሸንኮራዬን እያኘክሁ እስኪሄድልኝ ጠበቅሁ። እሱም ሣሩን እያኘከ ያየኛል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደረስኩና ጉማሬ መንገድ ዘግቶብኝ ነው አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር አልሳቁም።

«ተንበርከክ» አሉኝ።

ስዋሽ ሲያጽናኑኝ የኖሩ ሴት፣ እውነቱን ብነግራቸው አንበረከኩኝ። ደወል እስኪደወል ተንበርክኬ ዋልኩ። በማግስቱ ቀረሁ፤ እንደቀረሁም ቀረሁ።

ትናንት ጠዋት ታዲያ ጡረታ የወጡትን ቲቸር ልጆቻቸው ለዕረፍት አርባ ምንጭ አምጥተዋቸው፣ ልጆቹ ፀሐይ ፈርተው ሆቴል ሲቀሩ፣ እሳቸው ብቻቸውን እኔ ጀልባ ላይ ወጡ። በመነጽራቸው አናት አዩኝ።

«አንጁሎ፣ ደረስክ?» አሉኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት አርፍጄ ማለት ነው። ያኔውኑ በልቤ ማልኩ። ዛሬ ለእኚህ ሴት ጉማሬ ፊት ለፊት ሳላሳይ ወደ ወደቡ ብመለስ አንጁሎ አይደለሁም አልኩ። አዞ አሳየኋቸው። በአዞ አልተከራከርንም አሉኝ። ከመጓጓቴ ብዛት ውኃ ላይ ግንድ ባየሁ ቁጥር ጉማሬ እያልኩ ስድስት ጊዜ ተጣራሁ። ስድስቱንም ጊዜ ዞረው አዩ፤ ስድስቱም ግንድ ሆነ። በመጨረሻ ደሴቱ ዳር ያለው ቄጠማ ውስጥ ሞተር አጥፍተን እንጠብቅ አልኳቸው። ጠበቅን። ምሳችንን በላን፣ ደግሞ ጠበቅን። እንቅልፍ የጣለኝ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጉማሬዎቹ እንመለስ። መምህርቷ ጉማሬ ከኋላ ጥግ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጉማሬ አስነሳቻቸው። ሽበት ካለው እንስሳም ቢሆን አንቱ እላለሁ፣ አስተዳደጌ ነው። ጺማቸው ነጭ፣ ግራ ጆሯቸው የተቀደደ ነበር። ዛሬ ለምን አረፈድክ አለቻቸው።

«ሰው መንገድ ዘግቶብኝ ነው» አሉ።

ዘጠኙ ጉማሬዎች ሳቁ፤ ጀልባዋም በሳቁ ሌላ ክንድ ከፍ አለች። መምህርቷ አልሳቀችም። ደሴቱ ላይ ሰው ከተገኘ ምሬሃለሁ፣ ካልተገኘ ግን እዚያው ትንበረከካለህ አለች። ጉማሬ አንዴ ከተንበረከከ በሆዱ አሸዋ ውስጥ ይተከላል፣ መነሳት የለም። ሲውል ሲያድር ሣር ይበቅልበታል፣ ከዚያ ዛፍ፣ ከዚያ ወፍ ጎጆ ይሠራበታል። በዚያ አገር ደሴት ማለት አርፍዶ የተንበረከከ ተማሪ ነው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ እውነቴን ነው ልጄ አሉኝ በሹክሹክታ። ትንሽዬ ሰው ነበር፣ ብብቱ ሥር ደብተር ይዟል፣ የሆነ ነገር ያኝካል፤ እሱ እስኪሄድልኝ ብጠብቅ ብጠብቅ አልሄድ አለኝ አሉ።

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔን ይጠብቁ ኖሯል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ የእኔ ጉዳይ ሆነ። ጥርሴን ነክሼ፣ እኚህ ሽማግሌ እኔ እያለሁ ደሴት አይሆኑም አልኩ።

ደሴቱ ዳር አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ተቀበለን። ራሰ በራ ነው፣ ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ አንገቱ ሥር የተንጠለጠለችው ከረጢት መዝገብ ቤቱ ናት። ሰውን መመገብ በጥብቅ የተከለከለ ነው የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ዝንጀሮዎች ከእንጨት የተቀረጹ ትናንሽ ሰዎች ዘርግተው ይሸጣሉ፤ አንደኛው ዝንጀሮ ዕቃው የድሮ ነው፣ አሁን እንዲህ ዓይነት ሰው አይገኝም እያለ ያግባባል። ጉማሬዎቹ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ገልብጠው ያዙና፣ በቅርብ ያለው ሁሉ ወደ ሩቅ ሲሄድላቸው እልል አሉ።

ደሴቱን ሦስት ጊዜ ዞርነው። ሰው የሚባል የለም። ቁጥቋጦ ሥር አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተገኘ፣ ገና ትኩስ ነው። ሽማግሌው በተስፋ ቀና አሉ። መምህርቷ አሸተተችውና፣ ያለ ባለቤቱ የመጣ ጫማ ምስክር አይሆንም አለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው የሚንበረከኩበትን ቦታ በዓይናቸው መምረጥ ጀመሩ። ጥላ ያለበትን ነው የፈለጉት።

ያኔ ወደ መሃል ገባሁና «እኔ ሰው ነኝ» አልኩ።

እንደዚያ ቀን ተስቆብኝ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ተስቆብኝ የማውቅ ሰው ነኝ። አባ ኮዳው ብቻ በትሕትና፣ አንተ ጀልበኛ ነህ፣ ሰው ብለን የምንጠራው ሌላ ነው አለኝ። አልለቅ አልኩት። ካፖርቱን ይዤ ሙጭጭ አልኩ። በመጨረሻ ከከረጢቱ አንድ እርጥብ መጽሐፍ አውጥቶ ገለጠና፣ የሰው ምልክቱ ሁለት ነው፣ አንደኛው ሁለት እግር፣ ሁለተኛው ውሸት፤ ሁለት እግርማ እኔም አለኝ አለ።

«እስቲ ዋሽ» አለኝ።

እኔን ዋሽ ማለት ዓሣን ዋኝ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ይህ የምታዩት ሐይቅ ወተት ነው አልኩ። ገና ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ነጣ። አዞዎች ነጭ ጺም አብቅለው ብቅ ብቅ አሉ። መምህርቷ አፏን ነክራ ቀመሰችና በቀይ እስክሪብቶዋ መዝገቡ ላይ እውነት ብላ ጻፈች።

ሌላ ሞከርኩ። የዚህ አገር ዓሣ ዝናብ ስለሚፈራ ያለ ጃንጥላ አይወጣም አልኩ። ወተቱ ውስጥ አንድ ሺህ ጃንጥላ ተዘረጋ። እውነት ብላ ጻፈች። ይህ ዛፍ ሁለት ጊዜ አግብቶ ፈቷል ስል ዛፉ አለቀሰ። ስለ የትኛዋ ሚስቱ እንደሚያለቅስ ግን አልተናገረም። እውነት ብላ ጻፈች። ላብ አጠመቀኝ። ስንት ዓመት እንጀራዬ የሆነች ውሸት እንዲህ ባደባባይ ትከዳኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። የቀድሞዋን፣ የተፈተነችውን ልጠቀም ብዬ አያቴ ልል አፌን ከፈትኩ። ደንግጬ መልሼ ዘጋሁት። አያቴ እስከ ዛሬ በሕይወት አለች፣ አራት ጊዜ ቀብሬያት ከእኔ የበለጠ ጥርስ አላት። አምስተኛውን በዚህ አገር ለመናገር አልደፈርኩም።

ሽማግሌው ጉማሬ በቃህ ልጄ፣ ደከምክልኝ አሉ። ጉልበታቸው መታጠፍ ጀምሯል። እኔ ግን አንድ ውሸት ቀርታኝ ነበር። ይህች ውሸት ሆና ከቀረች ሰው መሆኔ ተረጋገጠ፤ እውነት ከሆነችም ጉማሬ እሆንና የጉማሬ ምስክርነት እሰጣለሁ ብዬ አሰላሁ። በሁለቱም በኩል ረቺ ነበርኩ። ሰባተኛ ክፍል ድረስ መማር ቀላል አይደለም።

«እኔ ሰው አይደለሁም» አልኩ።

ጆሮዬ ተኮማተረ። ሆዴ ቀድሞኝ መሬት ደረሰ። የለበስኩት ሸሚዝ ተተርትሮ ሄዶ አንዱ ዝንጀሮ ለሽያጭ ዘረጋው። እንግዲህ ጉማሬ ከሆንኩ ጉማሬ ነኝ ብዬ፣ በአዲሱ ወፍራም ድምፄ፣ ሰውየውን አይቼዋለሁ፣ መንገዱን የዘጋው እሱ ነው፣ ሽማግሌው ጥፋት የለባቸውም ብዬ መሰከርኩ። ሽማግሌው አለቀሱ። አሸነፍን ብዬ ነበር። መምህርቷ መነጽሯን አደረገችና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንተ ደግሞ እስካሁን የት ነበርክ?» አለችኝ።

የሚባል ውሸት ፈለግሁ፤ ምንም አልመጣልኝም።

«ሰው ነበርኩ» አልኩ።

«ተንበርከክ» አለች።

ሽማግሌው ጎን ሄድኩ። ብቻቸውን አይንበረከኩም፣ ደሴት ከሆንም ጎን ለጎን እንሆናለን አልኳቸው። አብረን ጉልበታችንን አጠፍን። ጉልበቴ አሸዋ ይነካል ስል እንጨት ነካ፣ ነቃሁ።

ጀልባዬ ወለል ላይ ተንበርክኬያለሁ። ፀሐይዋ ያው አናቴ ላይ ነበረች። ሞተሩ እንደጠፋ፣ ቄጠማው እንደቆመ ነው። ቲቸር ጥሩአየር ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለቄጠማው ሰጥተው፣ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ያዩኛል። ከኋላቸው፣ ከትከሻቸው አንድ ክንድ ተኩል ርቆ፣ ቄጠማው ለሁለት ተከፈለ። ነጭ ጺም። የተቀደደ ግራ ጆሮ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንደ ሻንጣ የሚከፈት አፍ።

«ቲቸር» አልኩ፤ «ከኋላዎ ጉማሬ አለ።»

ቲቸር መነጽራቸውን አደረጉ። አልዞሩም።

«ሰባተኛህ ነው፣ አንጁሎ» አሉኝ። «እዚያው እንደተንበረከክ ቆይ።»