ንግሥት ማዳም እና የጅዳ ብርድ

በዚህ ዓለም ከዓይን ምስክር ይልቅ ለካርታ የሚያደላ ዳኛ ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ አሜሪካ ትምህርት ቤት ግቡ! እኔ ገብቼ አይቻለሁ። የልጅ ልጄ ሳራ ስለ ሳውዲ አረቢያ በሠራችው ፖስተር ኤፍ ተሰጥቷታል፤ ይህ በደል ይመዝገብልኝ። ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ኖሬ የመጣሁ እንጂ እንደ አስተማሪዋ አገሩን በመጽሐፍ የጎበኘሁ አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪዋ ለየተማሪው አንዳንድ አገር አደለችና “መልክዓ ምድሩን፣ አየሩንና መንግሥቱን ሠርታችሁ አምጡ” አለች። ለሳራ ሳውዲ ደረሳት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት።

“ወዴት ነው?”

“ላይብረሪ። ቡክ ያስፈልገኛል፣ እማማ።”

“ቡኩ እኔ ነኝ። ቁጭ በይ!”

ቁጭ አለች። ምን ታድርግ? እናቷ ሥራ ናት። እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች።

“መልክዓ ምድሩ?”

“ሜዳ ነው። ዙሪያውን በረዥም ግንብ ታጥሯል።”

“ሆል ካንትሪው? አገሩ ሁሉ?”

“ዙሪያውን አልኩሽ እኮ!”

“ኦኬ... አየሩስ?”

“ብርድ።”

“ብርድ? ዴዘርት አይደለም እንዴ?”

“ማነው የነገረሽ? ክረምት ከበጋ ሹራብ ለብሼ ነው የኖርኩት። ስተኛ ድርብ ብርድ ልብስ! ይሄ ጉልበቴ የት የተበላሸ መሰለሽ?”

መንግሥቱን ስትጠይቀኝማ ልቤ ሞላ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል! “መንግሥቱ በሴት እጅ ነው” አልኳት። “ማዳም ትባላለች። እሷ ካላዘዘች ቅጠል አይነቃነቅም። ባልየው አማካሪ ነው።” ሳራ “ንግሥት ማዳም” ብላ ጽፋ ከጎኑ ዘውድ ሣለችበት። በነገራችን ላይ፣ ፖስተሩ ላይ ያለውን ግመል ሹራብ ያለበስኩት እኔ አይደለሁም። እሱ የራሷ ፈጠራ ነው።

በማግስቱ ልጅቷ እያለቀሰች መጣች። “ኤቭሪባዲ ሳቀብኝ!” ወረቀቱ ላይ ኤፍ በቀይ ተጋድሟል። እናቷ ከሥራ ስትገባ “እማዬ፣ በቃ ተይው፤ አንድ ኤፍ አይገድላትም” አለችኝ። እኔ ግን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ባይ ነኝ። በነጋታው ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሳራን በአንድ እጄ ጎትቼ፣ በዚያ በሚያቃጥል የሜይ ፀሐይ ባስ ላይ ተሳፈርኩ። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ “ፕሊስ እማማ፣ ፕሊስ...” ትለኛለች። የፈራ ልጅ ይለምናል እንጂ፣ ፍትሕ በልመና ትቀራለች?

አስተማሪዋ ቀጠን ያለች ወጣት ናት። የተቀመጥኩበት የልጅ ወንበር ጉልበቴን አገጬ ላይ አደረሰብኝ፤ እስቲ እንዲህ ተኩኖ እንዴት ይቆጣሉ? ሳራ አስተርጓሚ ሆነች።

“ጅዳ በጣም ሞቃት ናት ትላለች።”

“ሄዳ ታውቃለች ወይ በያት።”

“አታውቅም።”

“እኔ ኖሬባታለሁ በያት! ሲበርድ ያየሁት እኔ!” ይህን ስል ደግሞ ለካ ነጠላዬን አንገቴ ላይ እየጠመጠምኩ ነው። አስተማሪዋ አየችኝ። ለሳራ አንድ ነገር አለቻት።

“በርዶሻል ወይ ትላለች።”

“አዎ በርዶኛል! ክፍሏ በረዶ ነው።”

“ውጪስ? ትላለች።”

“ውጪማ ያቃጥላል!”

“እና ይህች ከተማችን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ትሞቃለች ወይስ ትበርዳለች? ትላለች።”

አስተማሪዋ መስኮቱ ላይ የተሰካውን የሚያጓራ ሳጥን በጣቷ አሳየችኝ። ተመለከትኩት። ማዳም ቤት በየክፍሉ ከግድግዳው ላይ እንዲህ ያለው ነበር፤ አንዴም ጠፍቶ አያውቅም።

“ጣራው ላይ ልብስ ሳሰጣ ይሞቅ ነበር” አልኩ፣ ዝግ ብዬ። “ግን እሱ የማሽኖቹ ወላፈን ነው። ጀርባቸው እዚያ ነው የሚተነፍሰው።”

ሳራ መተርጎሙን ትታ አፈጠጠችብኝ። “እማማ... ፀሐይዋ ብትሆንስ?”

“እኔ የማየው ልብሱን ነው! ፀሐይ ለማየት ማን ጊዜ ሰጠኝ?”

“ከግንቡ ውጪስ?”

“ቁልፉ እኮ ማዳም ጋ ነው፣ ልጄ።”

ሳጥኑ ያጓራል። እናንተዬ፣ ለካስ ያን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ሳውዲ ሳይሆን ኤር ኮንዲሽነር ውስጥ ኖሯል! የአንድ ቤት ግንብ የአገር ድንበር፣ የአንዲት ባለቤት ኩርፊያ የመንግሥት አዋጅ አድርጌ፣ ምስኪኗን ልጅ አስጻፍኳት።

ሌላ ሴት ብትሆን ነጠላዋን ሰብስባ ውልቅ ትላለች። እኔ ግን ፍርድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ፍርዱ ወደኔ ስለዞረ እተወዋለሁ?

“ሳራ፣ በያት፦ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የነገርኳትን ነው የጻፈችው። ስለዚህ ኤፉን ከሷ ላይ አንስታ ለኔ ትስጠኝ።”

“እማማ! እንደዚህ አይደረግም!”

“ለምን አይደረግም? በኔ ጥፋት ልጅ ኤፍ ተሸክማ አትሄድም። ተርጉሚ!”

ተረጎመች። አስተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ዓይኗን ጠራርጋ ስታበቃ ኮስተር ብላ ረዥም ነገር ተናገረች። የሳራ ፊት ቀስ በቀስ በራ። ኧረ ከሚገባው በላይ በራ!

“ምን አለች?”

“እሺ አለች። የኔ ተሰርዟል፤ ኤፉ ያንቺ ነው።”

“ተመስገን! ፍትሕ አለ ማለት ነው።”

“ግን እሷ ክላስ ውስጥ ኤፍ ያገኘ ድጋሚ ይሠራል አለች። ዓርብ ፖስተርሽን ይዘሽ መጥተሽ፣ ክላሱ ፊት ቆመሽ ታቀርቢያለሽ። እና እማማ... ማንም እንዳያግዝሽ ብላለች።”