ክቡር አዛዥ ግዙፉን ሲገጥሙ

የድሮ ጌም ከአሁኑ ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተከፈተም። ማተሚያ ቤት ከሆነ ወረቀት ቆራጩ ነው፤ ሆስፒታል ከሆነ ራጅ አንሺው። የትም ቢሆን ንግግሩ አንድ ነው፤ “ያኔ ጌም በጭንቅላት ነበር፤ ዛሬ በአውራ ጣት ሆነ።” እኛ ሊፍት ጠጋኞች ዘንድ ይህ ሰው የቡድናችን አለቃ ናቸው። ስም አላቸው፤ የሚጠራበት ግን የለም። ክቡር አዛዥ እንላቸዋለን።

ክቡር አዛዥ በቁመት አጠር፣ በንግግር ረዘም ያሉ ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ማንም እንዳይነካው የተከለከለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ማራገቢያው ሲነሳ ወፍጮ ቤት የገቡ ይመስልዎታል። በእሱ ላይ በሚጫወቱት ጌም ውስጥ ተጫዋቹ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ሙሉ ቡድን ነው። ፊት ቆሞ የሚመክት ተዋጊ አለ፤ ከኋላ ቁስል የሚያክም ፈዋሽ፤ ከዳር እሳት የሚወረውር አስማተኛ፤ የተቆለፈ የሚከፍትና ወጥመድ የሚያሸት ሌባ። ጠላት ሲመጣ ረጅሟን ቁልፍ ይጫኗታል፤ ዓለም ቀጥ ትላለች። የተወረወረ ቀስት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ ተረጋግተው “አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ” ብለው ትእዛዝ ያከፋፍሉና ዓለምን መልሰው ይለቋታል። በመሃል ሻይ ጠጥተው፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው ሊመለሱ ይችላሉ። ቀስቱ የትም አይሄድም።

የአሁኑ ጌም ሌላ ነው። አንድ ሰው ብቻዎን ነዎት። ሰይፉን በራስዎ ጣት ይሰነዝራሉ፤ ጠላት ሲሰነዝር መሬት ላይ ተንከባለው ያመልጣሉ፤ ዓለም ለማንም አትቆምም። ክቡር አዛዥ ይህን “ዝንብ ማባረር” ይሉታል። መመሪያቸው ሦስት ቃል ናት፤ “አቁም፣ አስብ፣ እዘዝ።”

ችግሩ መመሪያዋ ከኮምፒውተሩ ወጥታ ከእሳቸው ጋር መዋል መጀመሯ ነው። ባለቤታቸው እንዳጫወተችን፣ ጭቅጭቅ ሲጦፍ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱና ዝም ይላሉ። “መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ ነበር” አለች፤ “አሁን ግን እጁ ላይ የታጠበ ልብስ አሰጣለሁ።” ጫማ ሊገዙ ሲሄዱ እንኳ ሦስታችንንም አስከትለው ነው። አንዳችን በር ላይ፣ አንዳችን ቆዳውን እንድንመረምር፣ አንዳችን ዋጋ እንድንከራከር ተመደብን። እሳቸው ይዘው የመጡት እግራቸውን ብቻ ነበር።

ሦስታችን ማለቴ እንግዲህ ቡድኑ ነው። ዝሆኔ አለ፤ የሊፍት ሞተር ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እንደ ወንበር የሚያዞር፣ ለዝንብ ግን መንገድ የሚለቅ ሰው። እሱ ተዋጊ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያውና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ትከሻዬ ላይ ስለሚውሉ እኔ ፈዋሽ ተባልኩ። መብረቅ ደግሞ አለች፤ ከሁላችን ወጣት፣ ከሁላችን ፈጣን፣ የተጣበቀ በር ፊቷ ብዙ የማይቆይ። ድርሻዋ ምን እንደሆነ ገምታችኋል። አንድ ቀን ክቡር አዛዥ ለአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሲያስተዋውቁን በሙሉ ኩራት “ይቺ ደግሞ ሌባችን ናት” አሉ። እኛ ገብተን ሥራ ስንጀምር እሷ በር ላይ ቦርሳዋን እያስፈተሸች ነበር።

“ጋሼ” አለቻቸው ስትደርስብን፣ “ከዛሬ ጀምሮ በሙያዬ ይጥሩኝ።”

“በሙያሽ ነው እኮ የጠራሁሽ” አሉ፤ እውነት ሳይገባቸው።

ሥራ ላይም ያው ናቸው። ሊፍቱ ፊት ስንደርስ ማንም ምንም አይነካም። እጃቸው ይነሳል። “ማን በሩ ላይ ነው?” “እኔ” ይላል ዝሆኔ። “ማን ማብሪያው ላይ ነው?” “እኔ” እላለሁ። “ማን ከታች ይገባል?” መብረቅ በረጅሙ ትተነፍሳለች። እኛ አራት ሰዎች ነን፤ ከጠዋት ጀምሮ አብረን ነን፤ ማን የት እንደሚቆም የማያውቅ የለም። ግን ሁሉም ካልመለሰ ሥራ አይጀመርም።

“ጋሼ፣ እርስዎ ትእዛዝ ሲያከፋፍሉ ሰዎቹ በደረጃ ወጥተው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ ወርደው ሄዱ” ትላቸዋለች መብረቅ። ሐሰት አልነበረም። ወርደው የሄዱትን አይቻለሁ።

እንዲህ እያልን ሳለ ሥራ አስኪያጁ አዲስ አሠራር አመጣ። ቡድን የሚባል ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ ጠጋኝ አንድ ሞተር ሳይክልና አንድ ስልክ ይሰጠዋል፤ ጥሪ ሲመጣ ብቻውን ይፈተለካል። ክቡር አዛዥ ደግሞ፣ ዕድሜያቸው ታስቦ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ስልክ የሚደውሉት ደንበኞች የሚጮኹት እሱ ላይ ነው። ክቡር አዛዥ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አነሱ። ዓለም ግን አልቆመችም፤ ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ቀጠለ።

እሳቸውን ለምን እንደዚያ እንዳስደነገጣቸው ለሚጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ክቡር አዛዥ የሰው ሁሉ እጅ የት መሆን እንዳለበት ያውቃሉ፤ ከራሳቸው በስተቀር። መደርደሪያ መሃል ብቻቸውን ቢቀመጡ ማንን ያዛሉ? ብሎኑን?

ዝሆኔ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቶ ቡድኑ እንዳይበተን ለመነው። ሥራ አስኪያጁም “አራታችሁም አርብ ከሰዓት መጥታችሁ አንድ ዓይነት ነገር ከነገራችሁኝ አስብበታለሁ” አለ። ቀሪው መብረቅን ማሳመን ብቻ ነበር።

“አልገባም” አለች። “ብቻዬን መሥራት እፈልጋለሁ። ጣቴ ሥራውን ሲያውቀው ለምን ስብሰባ እጠብቃለሁ?”

“ያ የዝንብ ማባረሪያሽ ነው ያበላሸሽ” አሉ ክቡር አዛዥ።

እዚህ ላይ ተሳሳቱ። መብረቅ በምሳ ክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ የምትሰካው አንድ መጫወቻ ነበራት፤ በምሳ ሰዓት ከአፏ ጉርሻ፣ ከእጇ ጆይስቲክ አይለይም። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሳቸው ገፋችው። “የመጀመሪያውን ግዙፍ ጠላት ይጣሉልኝ። የመጨረሻውን አላልኩም፤ የመጀመሪያውን። እስከ አርብ ከጣሉት አብሬያችሁ እገባለሁ።”

ክቡር አዛዥ መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ አንድ ብቸኛ ባለ ሰይፍ ሰውዬ ጭጋግ ውስጥ ቆሟል።

“ሌሎቹስ?” አሉ።

“የትኞቹ?”

“ጓደኞቹ።”

“የሉትም።”

“ምን አድርጎ ነው?”

ግዙፉ ከጭጋጉ ወጣ፤ የሕንፃ ምሰሶ የሚያህል ዱላ ይዟል። ክቡር አዛዥ እንደ ልማዳቸው የሰይፉን ባሕርይ ለማንበብ ቦርሳውን ከፈቱ። በዚህ ጌም ቦርሳ ሲከፈት ዓለም አትቆምም። ዱላው ሲወርድ እሳቸው ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበሩ።

“እያነበብኩ እኮ ነው” አሉ፤ ለግዙፉ።

በማግስቱም ሞቱ። ከዚያ በኋላም በየምሳው ይሞታሉ። ዝሆኔ ዳቦውን ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥና ሰውዬው በወደቀ ቁጥር “አይዞዎት አለቃ” ይላል፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስላል። ባለቤታቸው ለእኔ ደውላ “ሶፋ ላይ ተኝቶ ወደ ጎን ይንከባለላል፤ ምን አስተማራችሁት?” አለችኝ። ተንከባለው ግን አላመለጡም። ጣታቸው ሁልጊዜ ከዱላው ኋላ ትደርሳለች። ያስባሉ፣ ያዛሉ፣ ያኔ ሰውዬው ሞቷል።

አርብ ምሳ ሰዓት ደረሰ። መብረቅ ክንዷን አጣምራ ግድግዳውን ተደግፋለች። ክቡር አዛዥ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አኖሩና እጃቸውን አነሱ። የሞቱ ቀን የተቆረጠለት ሰው እርጋታ ነበራቸው።

“ዝሆኔ፣ አንተ የግዙፉን ቀኝ እጅ ብቻ እይ። ሌላ ምንም አትይ። ዱላው ሲነሳ ‘ተነሳ’ በል።”

“እሺ አለቃ።”

“ፈዋሽ፣ ከላይ ያለችውን ቀይ የሕይወት መስመር ተመልከት። ከግማሽ ስትወርድ ‘መድኃኒት’ በል። እኔ ከመምታት በቀር ሥራ የለኝም።”

“መንከባለሉስ?” አለች መብረቅ ከግድግዳው።

“ለእሱ ሰው የለኝም” አሉ፤ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ።

ግዙፉ መጣ። “ተነሳ” አለ ዝሆኔ፣ ዳቦ የሞላ አፉን ይዞ። ክቡር አዛዥ ዘግይተው ተንከባለሉ፤ ግን አልሞቱም። “መድኃኒት” አልኩ። ጠጡ። መቱ። እንደገና “ተነሳ”። እንደገና “መድኃኒት”። የግዙፉ መስመር ስታጥር ያየኋት ያኔ ነው። መብረቅም አይታለች፤ ክንዷ ተፈታ።

“አሁን ነበር” አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ጠጋ ብላ፣ “አሁን ነበር እኮ ጋሼ፣ ዱላው ሲነሳ ሳይሆን ሲዞር ነው።” ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። “አሁን፣ አሁን አልኩህ እኮ፣ ተንከባለል እንጂ።” አንቱታው የት እንደወደቀ ማንም አልጠየቀም። በጎን እጇን ሰድዳ የመንከባለያዋን ቁልፍ በራሷ ጣት ያዘች። አንድ ጆይስቲክ፣ ሁለት ሰው፤ እሳቸው ይመታሉ፣ እሷ ታሸሻለች፤ ዝሆኔ “ተነሳ” ይላል፣ እኔ “መድኃኒት” እላለሁ። ግዙፉ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አቃሰተ፣ ወደ ጎን ወደቀ።

“ይሄ አይቆጠርም” አለች መብረቅ መጀመሪያ።

“ለምን?”

“እርስዎ አልጣሉትማ።”

“እውነትሽን ነው” አሉ ክቡር አዛዥ። “አንቺ ጣልሽው?”

“እኔማ ምን መታሁ? እኔ…” ብላ ዝሆኔን አየችው፤ ከዚያ እኔን። “ጣልነው” አለች፤ ጥርስ እንደተነቀለባት ሰው።

ክቡር አዛዥ አልሳቁም። እጃቸውን አነሱ። “ማን በሩን ያንኳኳል?”

“እኔ” አለ ዝሆኔ።

“ማን ይናገራል?”

“እኔ እናገራለሁ” አለች መብረቅ። “እርስዎ ከጀመሩ ሰኞ ነው የምንወጣው።”

ተናገረችም። ፈጣን ስለሆነች ደህና አድርጋ ከፋፈለችው፤ የተጣበቀ በር፣ የተቃጠለ አምፖል፣ የማይሠራ ቁልፍ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ሰው ከሊፍቱ በላይ ወይም ከበታቹ የሚገባ ከሆነ ግን አራታችንም፣ ጋሼም ጭምር። ሥራ አስኪያጁ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ ተቀበለ። ክቡር አዛዥ አሁን ግማሽ ቀን ግምጃ ቤት ናቸው። ብሎኖቹን በድርሻ ደርድረዋቸዋል፤ ወፍራሞቹ ፊት፣ ቀጫጭኖቹ ከኋላ።

እኔ በበኩሌ የየትኛውም ጌም ጠበቃ አይደለሁም። ብቻዬን በሞተር ሳይክል መሄድ ተመችቶኛል፤ ቶሎ ደርሼ ቶሎ እወጣለሁ። ትናንት አንድ መኖሪያ ሕንፃ ሄድኩ፤ የሊፍቱ በር አልዘጋ ብሏል። ጥበቃው “መብራቱን አጥፍቼልሃለሁ” ብሎኝ ወደ ግቢው በር ተመልሷል። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ ጓንቴን አጠለቅኩ፤ ከዚያ እጄ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ወደ ላይ ተነሳች።

“ማን በሩ ላይ ነው?” አልኩ። “ማን ማብሪያው ላይ ነው?”

ማብሪያው ላይ ሰው ከሌለ ሥራ አይጀመርም፤ ስለዚህ ሄጄ አየሁት። ጥበቃው ያጠፋው የኮሪደሩን መብራት ነበር። የሊፍቱን ኤሌክትሪክ አጥፍቼ ተመለስኩና ባዶው በር ፊት ትንሽ ቆምኩ።

ዘንቢል የያዙ እናት ከኋላዬ ሆነው ያዩኝ ነበር። “ከማን ጋር ነው የምታወራው ልጄ?” አሉኝ።

“ከቡድኔ ጋር ነው፣ እማማ።”

ግራ ቀኝ አዩ፤ ዘንቢላቸውን ጠበቅ አደረጉና በደረጃው ወጡ።