እትዬና የማያርፈው ሶፋ

ሳሎን አርፎ ሲቀመጥ ባየ ቁጥር እጁን የሚበላው አንድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የእናንተ ምናልባት አጎት ይሆናል። የእኛ ታላቅ እህቴ ናት፤ በሙያዋ ልብስ ሰፊ፣ በጠባይዋ የሳሎን ዕቃዎች ጠቅላይ አዛዥ።

ክብርት እትዬ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኗ መሐል ትቆምና ዙሪያዋን ቃኝታ «ይሄ ቤት ታፍኗል» ትላለች። ይህችን ቃል የሰማ ባሏ ወዲያው ጫማውን ፍለጋ ይነሣል፤ ግን አንድም ቀን አምልጦ አያውቅም። «እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ» ትለዋለች። ለምሳ ስንደርስ ሶፋው መስኮት ሥር ገብቷል፣ ቡፌው ግማሹን በር ዘግቷል፣ ቴሌቪዥኑም ገመዱ ሶኬት የማይደርስበት ጥግ ተሹሟል።

«እዚያ አያምርም?» ትለናለች።

ያምራል እንላለን። ሳምንቱን ሙሉ እነሱ ዜና የሚሰሙት ከሬዲዮ ነው።

ባሏ አንድ ቀን ከሥራ ደክሞት ገባና እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ወንበሩ ግን ከተዛወረ ሦስት ሰዓት አልፎት ነበርና ወለሉ ተቀበለው። አንድ ጎረቤት ደግሞ በስልክ ሊነጋገር ደጅ ወጥቶ ሲመለስ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ አየና «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎ ሄደ። ሻዩን ሳይጨርስ።

ይሄ ሁሉ ያስቀን ነበር፣ የአባባ ዓይን እስኪጠፋ ድረስ።

አባባ፣ አባታችን፣ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ዓይናቸው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ጭራሽ ጨለመ። ሐኪሙም ከእንግዲህ እንደማይመለስ ቁርጡን ነገረን። ብቻቸውን መኖር አይችሉም። እኔ ያለሁት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ያውም ሊፍት የሌለው። «አባባ እኔ ጋ ነው የሚመጡት» አለች እትዬ፤ በቃ፣ ተቆረጠ።

እኔ ግን ፈራሁ። ዓይን የሌለው ሰው ቤቱን የሚያውቀው በእጁና በእግሩ ነው፤ ትናንት የዳሰሰውን ዛሬ ካጣው ምን ይሆናል? ለባሏ ደውዬ ስጋቴን ነገርኩት።

«ምን ልበልህ?» አለኝ። «እኔ ዓይን እያለኝ ወድቄያለሁ።»

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ወር ሌላ ከተማ ላከኝ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር «አባባ ወደቁ» የሚል ድምፅ ልሰማ ነው እያልኩ አነሣው ነበር። የተመለስኩ ዕለት ሻንጣዬን እንደያዝኩ በቀጥታ እትዬ ቤት ሄድኩ።

አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። «ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እዚያው ቁም። እኔ ነኝ የምመጣው።»

ተነሡ። ልደግፋቸው ስል እትዬ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። አባባ መዳፋቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፉ፤ ቀጥሎ የቡፌውን ጠርዝ፣ ከዚያ የሶፋውን ክንድ ያዙ። «አንደኛ ፌርማታ… ሁለተኛ… ሦስተኛ» እያሉ መጥተው ፊቴን ዳሰሱ። «ከስተሃል» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ቤቱን ልብ ብዬ ያየሁት። ምንጣፉ የለም። መሐል ላይ የነበረው ጠረጴዛ የለም። የቡፌው ማዕዘን ሁሉ ጥጥ በተሞላ ጨርቅ ተሰፍቶ ተሸፍኗል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ደግሞ የሶፋው እግሮች ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል።

ባሏ ወደ ኩሽና ሳበኝና በሹክሹክታ ነገረኝ። «አባባ ከመምጣታቸው በፊት ዓይኗን በሻሽ ሸፍና አራት ቀን ሙሉ ሳሎኑን ስትዞር ነበር። የተጋጨችበትን ዕቃ ታነሣለች፣ እንደገና ትዞራለች። ቅልጥሟ ሁሉ በልዞ ነበር። ምንም ሳትነካ የዞረች ቀን ነው ብሎን አምጣ ያለችኝ።»

ሄጄ አባባ አጠገብ ቁጭ አልኩ፤ ሶፋው ንቅንቅ አላለም።

ልወጣ ስል እትዬ እስከ በር ሸኘችኝ። «አይከብድሽም እንዲህ ተቸክሎ ሲቀመጥ?» አልኳት።

ወደ ሳሎኑ ዞራ አየች። «ያንገበግበኛል» አለች። «ግን አባባ ሲመላለሱ ሳይ ይቀለኛል።»

ከኪሴ ትርፍ ቁልፍ አውጥቼ እጇ ላይ አደረግሁት።

«የምንድነው?»

«የቤቴ። እኔ ጋ በብሎን የታሰረ ነገር የለም።»

ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አልጋዬን ሳሎን አገኘሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተኝቼ አላውቅም።