የጋሽ ታፈሰ ጣቶች

ጣታቸውን ከኮምፒውተር ጋር ከማላመድ ኮምፒውተሩን ከጣታቸው ጋር ማላመድ የሚቀናቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የካዛንቺሱ እድራችን ጸሐፊ ጋሽ ታፈሰ እንደዚያ ናቸው። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ላፕቶፕ ሲገዙ የፊደሎቹ አቀማመጥ አልጥም አላቸው። ባምቢስ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄደው ቁልፎቹን እንደ ድሮው መኪናቸው የሚያደርግ ሶፍትዌር አስጫኑ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ እየተጻፈበት በመሃል ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ድርቅ ይላል።

"ጋሽ ታፈሰ፣ ይሄን ሶፍትዌር ያስወግዱት" እላቸዋለሁ።

"ሶፍትዌሩማ ጤነኛ ነው። ላፕቶፑ ነው አቅመ ቢስ።"

ምን ይባላል?

አንድ ቀን ጎረቤታችን አቶ በላይ አረፉ። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት ያው ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ሥራ ያዙ ብለው ትዳሩ ላይ ሲደርሱ ላፕቶፑ ደረቀ። ከፍተው ቀጠሉ፤ አሁንም ደረቀ። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ሴቭ የሆነችውን ያህል አትመው ሮጡ።

ቤተ ክርስቲያን ቆመው አነበቡ። "ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ትዳር መሠረቱ" አሉና ወረቀቱ አለቀ። ለቀስተኛው ቀሪውን ይጠብቃል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ከዓይናቸው ላይ ገለጥ አድርገው ቀስ ብለው ጠየቁ።

"ከዚያ በኋላ አብሬው የኖርኩትስ?"

ጋሽ ታፈሰ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

ስንመለስ ወረቀቱን እያጠፉ እየዘረጉ መጡ። በቃ፣ ዛሬስ ልብ ገዙ ብዬ፣ "ሶፍትዌሩን ያጠፉታል አይደል?" አልኳቸው።

"ለምን ብዬ? ጣቴ ለምዶታል" አሉ። ትንሽ ሄደን ቆም አሉና ክንዴን ያዙኝ።

"የእኔ ጊዜ ሲደርስ ግን፣ አደራ፣ በእስክሪብቶ ጻፉልኝ።"