ጊቫት ኦልጋ ላይ ያገኘሁት ጥንታዊ ክብ

ለአዲስ ተመራቂ ድሮን መስጠት በሕግ መከልከል አለበት። እኔ ነኝ የምላችሁ፣ አዲሷ ተመራቂ።

የተማርኩት አርኪዮሎጂ ነው። ("አሁን ይሄ ሥራ ነው?" ትላለች እማ ባየችኝ ቁጥር።) በቅርቡ እዚሁ እስራኤል ውስጥ አንድ የቁፋሮ ድርጅት ለሙከራ ወሰደኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ ድሮኑን ታበርራላችሁ፣ ካሜራው የኛ ዐይን የማያየውን ብርሃን ጭምር ያነሳል። ግንብ የተቀበረበት ቦታ ሣሩ ይጠማዋል፣ የድሮ ጉድጓድ ያለበት ደግሞ ይፋፋል። የፋፋው ሥዕሉ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ አለቀ። አለቃዬ ዮቫል ቁርጡን ነግሮኛል፦ "ከጊቫት ኦልጋ ጀርባ ያለውን ሜዳ ፈትሺ። የሚረባ ነገር ካገኘሽ ትቀጠሪያለሽ። ካላገኘሽ... ቶዳ፣ ሻሎም።" በዕብራይስጥ አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁኚ ማለቱ ነው።

የራሴ ሰፈር! አበረርኩት። ከአሸዋው ጉብታ ሥር፣ ቁጥቋጦው መሀል፣ አንድ ክብ ደም መስሎ ቀላ። ዙሪያውን የድንጋይ ቀለበት። የጥንት የውሃ ጉድጓድ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ወዲያው ለዮቫል ደወልኩ። "ሮማውያን" የሚል ቃልም ሳያመልጠኝ አልቀረም።

ምሳ ላይ ለእማ ነገርኳት።

"የቱ ሜዳ?"

"ከአሸዋው ሥር ያለው።"

ጉርሻዋ አየር ላይ ቆመ። "ተይው ልጄ። የሞተ ሰው ዕቃ አይነካም።"

"ሥራዬ እኮ እሱ ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ሥራ ፈልጊ።"

እዚህ ጋ እናንተ ነቅታችኋል አይደል? እኔ አልነቃሁም።

በማግስቱ ከዮቫልና ከሁለት ቆፋሪዎች ጋር ስንደርስ፣ ጥንታዊው ቦታ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ወጥቷል። እማ ተቀምጣለች፤ ጎረቤታችን አያ ታከለ የውሃ ጎማ ይዘው ቆመዋል። ክቡ ውስጥ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ... የጎንደር ጓሮ፣ በድንጋይ ታጥሮ። ለማዘጋጃ ቤቱ ያልተነገረ። ለኔም ያልተነገረ፣ ምስጢር አትቋጥርም ተብዬ።

"አያ ታከለ፣ እርስዎም አሉበት?"

"ዝም በይ እስቲ፣ እያጠጣሁ ነው።"

ዮቫል ጎመኑን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"የየትኛው ዘመን ነው?"

"የዘንድሮ" አልኩት።

አልሳቀም። "እስከ እሑድ አንድ ዕድል አለሽ" ብሎ ሊሄድ ሲል፣ እማ አንድ እቅፍ ጎመን ሳታስይዘው አልለቀቀችውም።

ቤት ገብተን እማን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። "የማን ጓሮ የት እንዳለ አሁኑኑ ተናገሪ።" ተናገረች... ወይ ጉድ። ሰው ያልዘራበት አንድ ጥግ ብቻ ቀርቷል። እሱ ላይ አበረርኩ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ሣሩ የጠማው መስመር ወጣ። ተቆፈረ። ግንብ! የእውነት የጥንት፣ ጎመን የሌለበት ግንብ።

ተቀጠርኩ። ዮቫልም ስለ ጓሮዎቹ ለማዘጋጃ ቤቱ ትንፍሽ አላለም፤ ጎመኑ ተስማምቶታል መሰለኝ። እማ ደግሞ ሥራዬን ጭራሽ ወዳዋለች። ትናንት በሩን ዘግታ ጠጋ አለችኝ፦

"ያ ድሮንሽ... ከኔና ከታከለ ጓሮ የማን ይበልጥ እንደሚቀላ ያሳያል?"