ራጁ ያላየው በርሜል

ከሐኪም የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ካለ፣ ገና አልታመመም ማለት ነው! እኔ ሰሞኑን ታመምኩ። የደበቅኩትም ነገር በርሜል ያህላል።

ሰበታ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሳምንት ፈረቃችን ዘለለንና በርሜሉ ሥር አንድ ጆግ የማትሞላ ውሃ ቀረች። ደረቴን በርሜሉ አፍ ላይ አስደግፌ ጎንበስ አልኩ። ትንሽ ቀረኝ። አሁንም ጎንበስ... ከዚያ ራሴ በርሜል ውስጥ፣ እግሮቼ ሰማይ! ሰባ ዓመት ሙሉ በሥርዓት የኖረው ቀሚሴ ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

በርሜል ውስጥ ቢጮኹ የሚሰማው ጯሂው ብቻ ነው። ደግነቱ ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ደረሱና ጎትተው አወጡኝ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

«ምንም አላየሁም፣ አዴ አስናቀች» አሉኝ። ለማንም እንዳይናገሩ አስማልኳቸው።

በማግስቱ ስተነፍስ ደረቴን ወጋኝ። ልጄ ብርቱካን ደረቴን ይዤ ብታየኝ፣ «እማዬ፣ ልብሽ ነው!» ብላ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ።

«ወድቀዋል፣ እማማ?» አለኝ ወጣቱ ሐኪም።

«አልወደቅኩም።» መቼም ቁልቁል መግባት መውደቅ አይባል!

«የመታዎትስ ነገር?»

«ማን ደፍሮኝ!»

ራጅ ታዘዘልኝ። የራጁ ባለሙያ «አይተንፍሱ» ሲለኝ ደስታዬ ነበር፤ የሚያመኝ መተንፈሱ ነው። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አንድ በአንድ የጎን አጥንቶቼን ቆጠረ።

«ስብራት አይታይም። ካልወደቁ፣ ካልተመቱ... በዕድሜዎ ልብዎን መጠርጠር አለብን። አዲስ አበባ ልላክዎት ነው።»

ብርቱካን ዓይኗ እንባ ሞላ። ወንድሞቿን ልትሰበስብ ስልኳን አወጣች። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለኝም።

«ስልኩን አስቀምጪው። በርሜል ውስጥ ገብቼ ነው» አልኩ።

«በርሜል ውስጥ ምን ልትሠሪ?»

«ውሃ ልቀዳ ነዋ!»

አሁን ለእናንተም የደበቅኩትን ላውጣ። ኦቦ ቶሎሳ የመጡት ጄሪካን ይዘው ነበር። እግሮቼን ሲያዩ ቶሎ አልጎተቱኝም። መጀመሪያ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው እግሮቼን ጠየቋቸው፦ «አዴ፣ ቢሻን ጅራ?» ውሃ አለ ወይ ማለታቸው ነው! እኔም ከበርሜሉ ሥር «ትንሽ» ብዬ መለስኩ።

ይህንኑ እዚያው ሐኪሙ ፊት ስናገር ብርቱካን በሳቅ ወንበሩ ላይ ተጠቀለለች። ሐኪሙ ፊልሙን አውርዶ ፊቱን ሸፈነበት። እኔ ሳቅ አላበዛም፤ ግን አመለጠኝ... «ወይኔ ጎኔን!»

ሐኪሙ ፊልሙን ጥሎ እጄን ባሳረፍኩበት ቦታ በጣቱ ጫን ቢል ጣሪያ ነካሁ።

«ይህችው ናት! የጎን አጥንት ስንጥቅ ቀጭን ከሆነች ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። ምነው መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝ?» የሕመም ማስታገሻ ጻፈልኝ። «በደንብ ይተንፍሱ፤ ለስድስት ሳምንት ግን ሳቅ ቀነስ ያድርጉ።»

«ይሄ አያስቸግራትም» አለች ብርቱካን፣ «ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።»

ቤት ስንደርስ ኦቦ ቶሎሳ ሊጠይቁኝ በር ላይ ቆመዋል። ፊታቸውን አጨፍግገዋል፤ በእጃቸው ጄሪካን አለ።

«ምን ነካዎት፣ አዴ? እኔ እንደሆን ምንም አላውቅም!»

ብርቱካን ኮስተር ብላ፣ «ኦቦ ቶሎሳ፣ ቢሻን ጅራ?» አለቻቸው።

ሰውዬው እኔን አዩ፣ ጄሪካኑን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«ትንሽ» አሉ።

የሐኪሙ ትእዛዝ አንድ ቀን እንኳ ሳያድር፣ ጎኔን ይዤ እየሳቅኩ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ።